ያለ እቅድ ኢስታንቡል፦ ሁሌ የሚነገረኝ ተረት እና እኔ የምመልሰው

ሥራዬ የአውሮፕላን ቲኬት መቁረጥ ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ነጋዴዎች ናቸው፤ ኢስታንቡል ሄደው፣ ላሌሊ ሰፈር አርፈው፣ ልብስና ጫማ ጭነው የሚመለሱ። ቲኬቱን ሰጥቼ «አንድ ቀን ተርፎሽ ብቻሽን ከተማውን ዙሪው እስቲ» ስል የሚሰጠኝን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከሁሉም ሰው የምሰማው ያንኑ ነው። ሰለቸኝ። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ኢስታንቡልንማ አውቃታለሁ።»

አታውቋትም። የምታውቁት ላሌሊን ነው። ከሆቴል ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ካርጎ፣ ከካርጎ ወደ ሆቴል። ከላሌሊ እስከ ማርማራ ባሕር በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ባሕሩን ሳያዩ ለዓመታት የተመላለሱ ሰዎችን አውቃለሁ።

«ሰዓቱ ይለያያል፣ እንቅልፌ ይዛባል።»

አይለያይም። ቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ናት። የሚለየው አቆጣጠሩ ነው፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለእነሱ 9 ነው።

«አየር ማረፊያው አንድ ነው።»

ሁለት ነው። ትልቁ በአውሮፓ በኩል፣ ሳቢሃ ጎክቼን የሚባለው ደግሞ በእስያ በኩል። ቲኬታችሁ ላይ የቱ እንደተጻፈ አንብቡ። ስለ እግዚአብሔር አንብቡ።

«ሀጊያ ሶፊያ አሁን መስጊድ ስለሆነ መግቢያው ነጻ ነው።»

ለሚሰግድ ሰው አዎ። ለጎብኚ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ 25 ዩሮ ነው፤ ለዚያውም የሚታየው ላይኛው ሰገነት ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ሰማያዊው መስጊድ ግን ከሶላት ሰዓት ውጪ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። ሴቶች ሻርፕ ያዙ።

«ያለ እቅድ ከወጣሁ እጠፋለሁ።»

የሚያበግነኝ ይሄኛው ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ የፈለገውን ብሎን ይዞ የሚወጣ ሰው፣ ኢስታንቡል ላይ እጠፋለሁ ይለኛል! ኢስታንቡል እኮ ለመጥፋት የማትመች ከተማ ናት። የሚከፋፍላት ውኃ ነው። ቦስፎረስ እስያን ከአውሮፓ ይለያል። ወርቃማው ቀንድ የሚባለው የባሕር ክንድ የአውሮፓውን ወገን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። በደቡብ በኩል ማርማራ አለ። ከተማዋ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ግራ ሲገባችሁ ቁልቁል ውረዱ። አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ዳር ትደርሳላችሁ። ውኃው ዳር የመርከብ መሳፈሪያ አይታጣም፤ ካልታያችሁ የባሕሩን ዳር ይዛችሁ ሂዱ።

ላሌሊ ላረፈ ሰው ነገሩ ከዚህም ይቀላል። ቲ1 የሚባለው ትራም ሰፈሩን አቋርጦ ያልፋል። «ካባታሽ» የሚለውን ከያዛችሁ ቤያዚት፣ ሱልጣንአህመት፣ ሲርኬጂ፣ ኤሚኖኑ እያለ ይወርድና የጋላታን ድልድይ ተሻግሮ ካራኮይ ይገባል። ደስ ያላችሁ ጣቢያ ላይ ውረዱ። ስትመለሱ «ባጅላር» የሚለውን ያዙ። በቃ! ከዚህ በላይ መንገድ ማወቅ አይጠበቅባችሁም።

አንዷ ደንበኛዬ ላሌሊን እንደ ግቢዋ የምታውቅ ሴት ናት። አንድ እሑድ ብዙዎቹ ሱቆች ተዘግተዋል፣ ዕቃዋ የሚጫነው ሰኞ ነው፣ ሆቴል አልጋዋ ላይ ተጋድማ «ደበረኝ» ብላ ደወለችልኝ። «ተነሺ እህቴ» አልኳት። «ትራም ያዢ፣ ኤሚኖኑ ውረጂ፣ ካዲኮይ የሚል መርከብ ላይ ውጪ።»

«ብጠፋስ?»

«የወሰደሽ መርከብ ይመልስሻል።»

ጉዞው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ባሕሩን ከጀርባዋ አድርጋ ፎቶ ላከችልኝ። ከሥሩ «እስያ ነኝ!» ይላል። ማታ ደግሞ ደውላ ተቆጣችኝ፤ «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» እኔ! በቆረጥኩላት ቲኬት ቁጥር ስነግራት የኖርኩት ሴትዮ!

መርከቡ ላይ ስትወጡ ውስጥ አትቀመጡ፤ ውጪ ካለው አግዳሚ ላይ ቦታ ያዙ። ሻይ በትሪ ይዞ የሚዞር ሰው ይመጣል። ብርጭቆዋ ወገቧ ቀጭን ነው፣ እጀታ የላትም። ሆዷን ከያዛችኋት ታቃጥላችኋለች፤ የምትያዘው ከንፈሯ ላይ በሁለት ጣት ነው። ሲሚትም ይሸጣል፤ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ ነው። የገዛው ሰው ግማሹን እየቆረሰ ለባሕር ወፎቹ ይወረውራል፤ እነሱም አየር ላይ ይቀልቡታል። ማርማራይ የሚባለው ባቡርም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከባሕሩ ሥር ወደ እስያ ይሻገራል። ይፈጥናል፤ ግን የሚታየው ግድግዳ ነው።

ሌላው ስህተት «እቅድ የለኝም» ሲባል «ዝግጅት የለኝም» አድርጎ መስማት ነው። ከሆቴል ባዶ እጃችሁን ውጡ ያላችሁ የለም። ኢስታንቡልካርት የሚባለውን ካርድ ጣቢያ ላይ ካለው ማሽን ግዙ፤ ትራሙም፣ ሜትሮውም፣ መርከቡም፣ ማርማራዩም በሱ ነው። ማርማራይ ላይ ስትገቡ የሚቆረጠው የረጅሙ ጉዞ ሒሳብ ነው፤ አጭር ከሄዳችሁ ስትወጡ የመመለሻ ማሽኑ ላይ ካርዱን አስነኩና ትርፉ ይመለስላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ብሩን ጥሎ ይሄዳል።

የሆቴሉን ቢዝነስ ካርድ ከሪሴፕሽን ተቀብላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። የከተማውን ካርታ በሆቴሉ ዋይፋይ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ዳታ ባይኖራችሁም ያላችሁበትን ቦታ የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ ትሠራለች፤ ይህንንም የማያምነኝ ሰው ብዙ ነው። ፓወር ባንክ ያዙ። ፓስፖርታችሁ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ መታወቂያ የሚጠይቅ ፖሊስ ሊያጋጥም ይችላል፣ ያኔ «ሆቴል ነው ያለው» ማለት አያዋጣም። የመጨረሻው መርከብ ስንት ሰዓት እንደሆነ ስትሳፈሩ እዩ፤ መሳፈሪያው ላይ ተለጥፏል። ትራሙም እኩለ ሌሊት ገደማ ያቆማል። እነዚህ ከተሟሉ ቀሪውን ለእግራችሁ ተዉት።

«በሰዓት ተከፋፍሎ የተያዘ እቅድ ይሻላል።»

አንድ ወጣት በኤክሴል የተሠራ ሰንጠረዥ አሳይቶኝ ያውቃል። ማክሰኞ ጠዋት ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት፣ እሑድ ከሰዓት ትልቁ ባዛር። በቀለም ሁሉ ለይቶታል። ቶፕካፒ ማክሰኞ ዝግ ነው። ባዛሩ እሑድ ዝግ ነው። ሰንጠረዡ ግን ያምር ነበር።

«ሴት ልጅ ብቻዋን? በጭራሽ!»

እኔ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምዞረው። አደጋ የለም አልልም። የሚፈራው ግን ሌላ፣ የሚያስጠቃው ሌላ ነው። ሰው ጨለማ መንገድ ይፈራል፤ በጠራራ ፀሐይ ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገረውን፣ የለበሰውን፣ ተጫዋቹን ሰውዬ አይፈራም። ታክሲም በሚባለው አደባባይ አካባቢ «ከየት ነህ? ና አንድ ነገር እንጠጣ» ብሎ የሚያዋራችሁ ሰው የሚያውቀው ቤት ይወስዳችኋል፤ ከዚያ የሚመጣው ሒሳብ ወገብ ይቆርጣል። በዚህ የሚበሉት ደግሞ በብዛት ብቻቸውን የሚዞሩ ወንዶች ናቸው፤ «ሴት ልጅ ብቻዋን» እያሉ የሚመክሩን እነሱው! ሊስትሮውም አለ። ፊታችሁ እየሄደ ብሩሹን «ሳያውቀው» ይጥላል። አንስታችሁ ስትሰጡት ውለታውን ልመልስ ብሎ ጫማችሁን ይይዛል፤ ጠርጎ ሲጨርስ ዋጋ ይጠራል። ብሩሹን እዚያው ተዉት፣ ባለቤቱ ያነሳዋል። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ቆጣሪው ሳይበራ አትንቀሳቀሱ።

«ቋንቋ አላውቅም።»

ስንት ዓመት የቱርክ ድራማ አየን፤ በአማርኛ ተተርጉሞ ስለቀረበልን አንድ ቃል አልያዝንም። ችግር የለውም። ላሌሊ ላይ በካልኩሌተር የተከራከረ ሰው ካዲኮይ ላይም በጣቱ ይግባባል።

«ብቻዬን ሬስቶራንት መቀመጥ ያሳፍረኛል።»

ይሄኛው ይገባኛል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው። እዚያ ግን ኤስናፍ ሎካንታ የሚባሉ ቤቶች አሉ፤ የሱቅ ሠራተኞችና የእጅ ባለሙያዎች ምሳ የሚበሉባቸው። ምግቡ መስታወቱ ኋላ በትልልቅ ትሪ ተደርድሯል፤ ወጥ፣ ሩዝ፣ ባቄላ፣ የታሸ ደበርጃን። ሜኑ ማንበብ የለም፤ ይሄን፣ ይሄን ብሎ በጣት ማሳየት ነው። ግማሹ ተመጋቢ ብቻውን ነው የሚቀመጠው፤ ፈጥኖ በልቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ማንም ዞሮ አያያችሁም። ምሳ ሰዓት ላይ ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ግቡ፤ ሠራተኛው የተሰለፈበት ቤት ነው ጥሩው። ቱሪስት ሰፈር በር ላይ ቆሞ የሚጠራችሁን ቤት እለፉት።

ጾም ከሆነ ዘይቲንያሊ የሚባለውን ጠይቁ፤ በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ የሚቀርብ አትክልት ነው፤ ፎሶሊያውም፣ ደበርጃኑም፣ በሩዝ የተሞላው የወይን ቅጠልም አለ። ላዩ ላይ እርጎ ሊጨምሩበት ሲሉ እጃችሁን አንሱና አስቁሟቸው። ነጩ ባቄላ ጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ሥጋ ወይ ቅቤ ገብቶበታል። የምስር ሾርባውም ቅቤ አያጣውም፤ ሳትጠይቁ አትቅመሱት።