«ሂት ትሪትመንት» (እንጨትን በሙቀት ማከም) ምንድን ነው? ምን አይደለም?

ሰሞኑን ሰበታ መንገድ ዳር ካለ እንጨት ቤት የተገዛ የፓሌት (የዕቃ መጫኛ ርብራብ) ጣውላ አሳዩኝ። ጫፉ ላይ «ኤች ቲ» የሚል ማኅተም አለው። ሻጩም «ሂት ትሪትድ ነው፤ ውሃ አያጣምመውም፣ ምስጥ አይደፍረውም» ብሎ ሸጦታል። ስንት ጊዜ ነው ይህን የምሰማው?

ማኅተሙ የሚለው የእንጨቱ መሃል 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ ቆይቷል ነው። ተባይ ይዞ ድንበር እንዳይሻገር እንጂ እንጨቱን ለመለወጥ አይደለም። 56 ዲግሪ ደግሞ ምንም አይደለም፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ እንኳ የሚፈላው 92 ገደማ ላይ ነው። («ኤም ቢ» የሚል ካያችሁ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዝ የታጠነ ነው፤ ጠረጴዛ አትሥሩበት።)

እንጨቱን የሚለውጠው፣ ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለገበያ ያበቁት ሂት ትሪትመንት ሌላ ነው፦ አየሩ በእንፋሎት ተተክቶ፣ ከ180 እስከ 215 ዲግሪ ገደማ። የሁለቱ ልዩነት ቡና ማስጣትና መቁላት እንደማለት ነው። የተሰጣ ቡና ያው ጥሬ ቡና ነው። የተቆላው ግን እስከ ውስጡ ይጠቁራል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ጥርስ ሲያርፍበትም ከሽ ይላል። እንጨቱም እንደዚያው፦ ሄሚሴሉሎስ የሚባለው ውሃ የሚስበው የእንጨቱ ክፍል ይፈርሳል፤ ስለዚህ ማበጡና መጣመሙ ይቀንሳል፣ ግን ይሰባበራል። ለጣሪያ ማገር አይሆንም፤ ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ብሱት።

አሁን ወደሚያናድደኝ። አንድ አስተያየት ሰጪ «የተበላሸ እንጨት በሙቀት ይድናል» ብለዋል። የቱ ብልሽት? ፓቱላ የሚባለው የፓይን ዛፍ ተቆርጦ እርጥቡን ሲከመር ሰማያዊ የሚያደርገው ፈንገስ የሚበላው በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ስኳርና ስታርች ነው፤ ግድግዳውን አይነካም ማለት ይቻላል። መልኩ እንጂ ጉልበቱ ብዙም አልተጎዳም። ሲቆላ ሁሉም ቡናማ ስለሚሆን ሰማያዊው ይደበቃል፤ እንዲህ ያለው ጣውላ ዋጋ ያገኛል። የበሰበሰው ግን ግድግዳው ራሱ ተበልቷል። ሻጋታ የያዘ የቡና ፍሬ ከደህናው ጋር ብትቆሉት ዓይን አይለየውም፤ ሲኒው ላይ ግን ያጋልጣል። ስለዚህ ሳይቆላ ፈትሹ፦ በጩቤ ጫፍ ወግታችሁ ፈልቅቁ። ረጅም ስንጥር ከተነሳ ደህና ነው፤ እዚያው አጭር ሆኖ ከተቆረሰ ለማገዶ።

የቡናው ምሳሌ የሚያነክሰው ምጣዱ ላይ ነው። ቡና አየር ላይ ይቆላል፤ እንጨት አየር ካገኘ ይያያዛል። በርሜል ውስጥ ፍም ላይ እሞክራለሁ ላሉት ሰው፦ ክዳኑን ሲከፍቱ የሚያገኙት ከሰል ነው። ምስጡንም ቢሆን ሙቀት አያስቀረውም፤ መሬት የሚነካ ቋሚ አታድርጉት።