ስለ አርክቲክ (በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ስላለው ምድርና ባሕር) የሚባለውና እውነቱ

«ያን ያህል ብርድ ባለበት አገር ትንሽ ሙቀት ቢጨመር ምን ይጎዳል?»

ብዙ ሰው ይህን በቅንነት ይጠይቃል። የሰሜን ዋልታ ሰው ግን ኑሮውን የመሠረተው ብርዱ ላይ ነው፤ መንገዱም፣ መጋዘኑም፣ ቤቱ የቆመበት መሬትም ብርዱ ነው። በሩሲያ ያማል የሚኖሩት ኔኔትሶች የሚያረቧቸው አጋዘኖች የብርዱን ወራት የሚያልፉት አመዳዩን በሰኮናቸው እየጫሩ ከሥሩ ያለውን ግጦሽ በመብላት ነው። ለስላሳ አመዳይ አያስቸግራቸውም። የሚገድላቸው በብርዱ መካከል የሚጥል ዝናብ ነው፦ ውኃው አመዳዩ ላይ ይወርድና ብርዱ ሲመለስ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ሰኮና አይበሳውም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 እንዲህ ሆኖ 61,000 ገደማ አጋዘኖች በረሃብ አለቁ። ከብቱን በድርቅ ያጣ አርብቶ አደር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

«መሬቱ ቢቀልጥ ጭቃ ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ይመጣል?»

ከሥር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚቆየው አፈር ሲቀልጥ በውስጡ ያለው በረዶ ውኃ ሆኖ ይሄድና መሬቱ ይሰምጣል። ቤቶቹ በምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የሚሠሩት ቀዝቃዛ ነፋስ ከወለሉ ሥር እንዲያልፍና የቤቱ ሙቀት መሬቱን እንዳያቀልጥ ነው። ያ ክፍት ቦታ በዕቃ ወይም በአመዳይ ከተደፈነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ምሰሶዎቹ እኩል ስለማይሰምጡ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ በሩም አልዘጋ ይላል። አየሩ ራሱ ሲሞቅ ግን ጥንቃቄው ብቻውን አይበቃም። በአላስካ ሰሜን ጫፍ በምትገኘው ኡትቂያግቪክ የዓሣ ነባሪ ሥጋ የሚቀመጥባቸው የመሬት ውስጥ ጉድጓዶች ውኃ እየገባባቸው ሥጋው ይበላሻል።

«የባሕሩ በረዶ ሲቀልጥ የዓለም ባሕር ከፍ ይላል።»

ተንሳፋፊው በረዶ ሲቀልጥ የባሕር ጠለልን ከፍ አያደርግም ማለት ይቻላል፤ በረዶ የገባበት ብርጭቆ ውኃ በረዶው ሲቀልጥ እንደማይፈስ ማለት ነው። ከፍ የሚያደርገው መሬት ላይ የተጫነው ነው፤ የግሪንላንዱ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ 7 ሜትር ገደማ ይጨምራል። የተንሳፋፊው ጉዳት ሌላ ነው። ነጩ በረዶ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፤ ጥቁሩ ባሕር ግን ይውጠዋል፤ ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ተጨማሪ በረዶ ይቀልጣል። አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት የሞቀበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

«እዚያ ሰው የለም፤ ነጭ ድብ ብቻ ነው።»

4 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይኖራሉ።

«ካልተመቻቸው ለቀው ይሂዱ።»

የአላስካዋ ኒውቶክ መንደር የዩፒክ ሕዝብ መኖሪያ ነበረች። የወንዙ ዳር በየዓመቱ እየተናደ ስለበላት፣ ከወንዙ ማዶ ሜርታርቪክ የተባለውን ቦታ በመሬት ልውውጥ ያገኘችው በ2003 ነው። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች የገቡት ግን በ2019፣ የመጨረሻዎቹ በ2024። ነዋሪው ጥቂት መቶ ሰው፣ ርቀቱም 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። መንገድ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤትና የአውሮፕላን ማረፊያ ከባዶ መሠራት ነበረበት፤ ሰው በሌለበት ቦታ ደግሞ እነዚህን ለመሥራት በጀት የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አይገኝም።