ቆልማማዎቹ የሒሳብ ፊደላት ምንድን ናቸው?

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ላፕላስ የሚባለውን አንድን ፈንክሽን ወደ ሌላ የሚቀይር የሒሳብ ዘዴ አይረሳም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ኤልን ሲጽፋት አናቷንም እግሯንም ቆልመም ያደርጋታል። ያቺ ቆልማማ ኤል «ቀጥሎ ያለውን ፈንክሽን በላፕላስ ቀይረው» የምትል ትእዛዝ ናት። እዚያው የሰርኪዩት ጥያቄ ውስጥ ያለችው ተራዋ ኤል ደግሞ የሽቦ ጥቅል ኢንዳክታንስ ናት። ሁለቱን ያምታታ ተማሪ ጥያቄውን ከመነሻው ሳተው ማለት ነው።

ኮምፒውተር ላይ ግን የለመድነው ሌላ ነው። «ሀ»ን በፈለግከው ፎንት ጻፋት፣ አድምቃት፣ አዘንብላት፣ ያው «ሀ» ናት። ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ ስትለጥፋት መልኳ ቢቀየርም ንባቧ አይቀየርም። ሒሳብ ውስጥ እንዲህ ከሆነ ጉድ ይፈላል። ፊዚክስ ውስጥ ቆልማማ ኤች የሃሚልቶኒያን ምልክት ናት፤ ስሙ ከአየርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ከዊልያም ሮዋን ሃሚልተን የመጣ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የአንድን ሥርዓት ጠቅላላ ኢነርጂ ይወክላል። ተራዋ ኤች ደግሞ የማግኔት መስክ ናት። አንድ ቀመር ውስጥ ቆልማማዋ ከእኩል ይሆናል በስተግራ፣ ተራዋ በስተቀኝ ኢንተግራል ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ፎንቱ ቢጠፋ፣ ኤች በራሷ በኤች ካሬ የምትሰላ ፍጹም ሌላ ቀመር ሆኖ ቁጭ ይላል። ሲያዩት ደግሞ ምንም የተበላሸ አይመስልም፤ የሚያስፈራውም ይሄ ነው።

ዩኒኮድ ለእነዚህ ፊደላት የራሳቸውን ቁጥር የሰጣቸው ለዚህ ነው። ዩኒኮድ ለየፊደሉ አንዳንድ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ አሠራር ነው፤ የእኛ ፊደል የገባበት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በ2001 ደግሞ 1,024 ቦታ ያለው ሰፈር ለሒሳብ ፊደላት ተከፈተ። ስክሪፕት የሚባሉት ቆልማማዎቹ፣ ደማቆቹ፣ ዘንባላዎቹ፣ የጀርመን ጎቲክ መልክ ያላቸው፣ መስመራቸው ድርብ የሆነው ሁሉ እዚያ ናቸው።

ፕሮግራም የምትጽፍ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በል። ቆልማማዎቹ ኤች፣ ኤልና ኤም፣ ሌሎችም ጥቂት፣ ከዚያ በፊት ሌላ ሰፈር ውስጥ ቁጥር ነበራቸው፤ በአዲሱ ሰፈር ቦታቸው ባዶ ተትቷል። ከኤ ተነስተህ ቁጥር እየደመርክ ብትሄድ ኤች ላይ ስትደርስ ባዶ ሳጥን ነው የምታገኘው።

አሁን ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም እንምጣ። ስማቸውን በላቲን ፊደል አሳምረው ቆልማማ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት እነዚህኑ የሒሳብ ምልክቶች ነው። ሲያዩት ያምራል፣ አልክድም። ግን ዓይነ ስውር የሆነ ወንድማችን ስልኩ ጽሑፍ እያነበበለት ሲጠቀም ያንን ስም እንዴት እንደሚሰማው አስቡት፦ «ማቲማቲካል ስክሪፕት ካፒታል ኤ» እያለ እያንዳንዷን ፊደል ይዘረዝርለታል፣ አንዳንዱ አንባቢ ፕሮግራም ደግሞ ጭራሽ ዘሎት ያልፋል። በፍለጋም ቢሆን ስምህን በተራ ፊደል የጻፈ ሰው በየቦታው ላያገኝህ ይችላል። እባካችሁ ስማችሁን በተራ ፊደል ጻፉት።

በአማርኛ ፊደል ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ለግዕዝ ፊደል የተለየ የሒሳብ መልክ ዩኒኮድ ውስጥ የለም። ዓረብኛ በ2012 የራሱን አግኝቷል፣ ምክንያቱም ሒሳብን በዓረብኛ ፊደል የሚያስተምሩ አገሮች አሉ። ከዕብራይስጥም አራት ፊደላት ገብተዋል፤ የመጀመሪያዋ አሌፍ የኢንፊኒቲን መጠን ለመለየት ታገለግላለች። እኛ ቀመር የምንጽፈው በላቲንና በግሪክ ፊደል ስለሆነ ነገሩ እስካሁን አልተነሣም።

ፊት ለፊትህ ያለው ፎንት ይሁን ምልክት ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ፊደሉን ኮፒ አድርገህ ምንም ፎንት የማይቀበል ተራ የማስታወሻ ገጽ ላይ ለጥፈው። ቀጥ ካለ ፎንት ነበር። ከነቁልምሙ ከመጣ የራሱ ቁጥር ያለው የሒሳብ ምልክት ነው።