በታርታን ጨርቅ ላይ «ጥንታዊ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የስኮትላንድ ታርታን፣ ማለትም ባለቀለም መስመሮች እየተቋረጡ አራት ማዕዘን የሚሠሩበትንና ብዙ ጊዜ በጎሳ ስም የሚጠራውን ጨርቅ፣ ሊገዛ የገባ ሰውን አንድ ነገር ግራ ያጋባዋል። የአንዱ ጎሳ ጨርቅ «ጥንታዊ»፣ «ዘመናዊ»፣ «የደበዘዘ» እየተባለ ይሸጣል። ብዙ ሰው ጥንታዊ የተባለው ንድፉ የቆየ ስለሆነ ይመስለዋል። አይደለም፤ ቃሉ የሚናገረው ስለ ቀለሙ ብቻ ነው።

ታርታንን ታርታን የሚያደርገው የክሩ ቆጠራ ነው፦ ስንት ሰማያዊ፣ ስንት ጥቁር፣ ስንት አረንጓዴ ተከታትሎ እንደሚመጣ። ብዙውን ጊዜ ድሩም ማጉም በአንድ ቆጠራ ይሄዳሉ። ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ እዩ። የ«ዘመናዊው» ሰማያዊ ወደ ጥቁር የተጠጋ ነው፣ አረንጓዴውም እንደ ጠርሙስ የጠቆረ፤ ከ1856 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የመጣውን ሰው ሠራሽ ቀለም ይከተላል። የ«ጥንታዊው» ፈካ ያለ ነው፣ ድሮ በዕፅዋት ይነከር የነበረውን ክር ለመምሰል። «የደበዘዘው» ደግሞ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበትን ልብስ ይመስላል። ቆጠራው ግን በሦስቱም ያው ነው።

የጎሳ ስሙም ቢሆን ብዙ ጊዜ ኋላ የመጣ ነው፤ ይህ ለእኔ ከቀለሙ በላይ የሚገርም ነው። በስኮትላንድ ባኖክበርን የነበረው የዊልሰን ቤተሰብ የሽመና ድርጅት በ1819 ባዘጋጀው የንድፍ መዝገብ፣ ብዙዎቹ የሚታወቁት በቁጥር ነበር። ዛሬ የማክፈርሰን የሚባለው ያኔ ቁጥር 43 ነበር። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኙ የጎሳ ታርታን ፈላጊው በዛ።

ስለዚህ ቤተሰብ ከለበሰው ጋር የሚመሳሰል ጨርቅ ስታዝዙ፣ የንድፉን ስምም የቀለሙን ዓይነትም ለሻጩ ንገሩት።