ቢግ ስታር፦ ሸክላው ገበያ ያልደረሰለት ባንድ

ቢግ ስታር እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ሜምፊስ ከተማ የተመሰረተ የሮክ ባንድ ነው። ጠንካራ ጊታርን ከሚጣፍጥ ዜማና ከኅብረ ድምፅ ጋር የሚያዋህደውን ፓወር ፖፕን ካቆሙት ባንዶች መካከል ፊት ይሰለፋል። በዘመኑ ግን የሰማው ጥቂት ሰው ነው።

ክሪስ ቤል እና አሌክስ ቺልተን ጊታር እየተጫወቱ ይዘፍኑ ነበር። ቤዙ የአንዲ ሀመል፣ ድራሙ የጆዲ ስቲቨንስ ነው። ቺልተን ቀድሞም ስም ነበረው። በ16 ዓመቱ ከቦክስ ቶፕስ ባንድ ጋር የዘፈነው «ዘ ሌተር» በ1967 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል። የመጀመሪያውን አልበም መልክ ያስያዘው ግን በዋናነት ቤል ነው። የባንዱ ስም የተወሰደው ከአርደንት ስቱዲዮ አጠገብ ከነበረ ሱፐርማርኬት ነው።

አርደንት ለእነሱ ቤታቸው ነበር። ባለቤቱ ጆን ፍራይ ቀረጻ አስተማራቸው፤ ስቱዲዮው ሥራ በማይኖረው ሰዓትም እንዲሠሩበት ፈቀደላቸው። የድምፁ ጥራት ዛሬም የሚያስደንቀው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው አልበም «ነምበር ዋን ሬከርድ» በ1972 ወጣ። ሃያሲያን አሞገሱት። አከፋፋዩ ስታክስ ግን ሸክላውን ሙዚቃ ቤቶች ማድረስ አቃተው። ዘፈኑን ሬዲዮ ላይ ሰምቶ ሊገዛ የወጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ስታክስ ከሙዚቃ ኩባንያው ኮሎምቢያ ጋር ያደረገው የስርጭት ውልም ነገሩን አላቃናውም። ያኔ የተሸጠው ከ10,000 ኮፒ በታች እንደሆነ ይነገራል።

ቤል በዚያው ዓመት መጨረሻ ከባንዱ ወጣ። አንዳንዶች ትኩረቱ ሁሉ ወደ ቺልተን መዞሩ አስከፍቶት ነው ይላሉ፤ ሌሎች የሽያጩ ውድቀት እንደሰበረው ያምናሉ። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

በግንቦት 1973 የሮክ ጸሐፊዎች ሜምፊስ ላይ ሲሰበሰቡ ቀሪዎቹ ሦስቱ ተጫወቱላቸው። አዳራሹ በደስታ ተቀበላቸው። በዚህ ተበረታተው ሁለተኛውን አልበም «ሬዲዮ ሲቲ»ን ሠሩ፤ በ1974 ወጣ። «ሴፕቴምበር ገርልስ» የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ፓወር ፖፕ ከዚህ የተሻለ ዘፈን የለውም። ይህም ሸክላ እንደ በፊቱ መንገድ ቀረ። ሀመል ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

ሦስተኛውን አልበም ቺልተን እና ስቲቨንስ ከፕሮዲውሰር ጂም ዲኪንሰን ጋር ቀረጹት። የቺልተን የብቻ ሥራ ነው የሚሉ አሉ። ስቲቨንስ ድራሙ ላይ እስካለ ድረስ ግን የቢግ ስታር ነው። የታተመው ባንዱ ከፈረሰ በኋላ፣ በ1978 ነው። ቤል በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በመኪና አደጋ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር።

ቺልተን እና ስቲቨንስ በ1993 ከፖዚስ ባንድ ሁለት አባላት ጋር ስሙን መልሰው አነሱት፤ በ2005 አንድ አልበም አወጡ። ቺልተን እና ሀመል በ2010 አረፉ። ስቲቨንስ ባንዱ ከፈረሰም በኋላ ለረጅም ዓመታት አርደንት ውስጥ ሠርቷል።