የትል ኩስ ሁሉ አንድ አይደለም

«የምድር ትል አፈር ያለሰልሳል» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ የትኛው ትል?

ትል አፈርና ብስባሽ በልቶ የሚያወጣው ኩስ እንደ ዝርያው ይለያያል። በኮትዲቯር የላምቶ ሳቫና የሚኖረው ሚልሶኒያ አኖማላ የተባለው ትልቅ ትል ከ5 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ጓል ይጥላል። ዩድሪሊዴ የሚባሉት ትንንሾቹ ደግሞ ያንኑ ጓል እየቦረቦሩ ይፈረፍሩታል። አንዱ ያጠብቃል፣ ሌላው ይፈታል፤ አፈሩ ውሃና አየር የሚያገኘው ሁለቱም ሲኖሩ ነው። ፈቺው ሲጠፋ ጉዳቱ ከባድ ነው። በብራዚል አማዞን ደኑ ተመንጥሮ ግጦሽ በሆነ መሬት ላይ ፖንቶስኮሌክስ የተባለው ትል ብቻውን ተስፋፍቶ፣ እርጥብ ኩሱ እርስ በርሱ ተለጣጥፎ እንደ ሊሾ ደርቋል።

በአገራችን ለቨርሚኮምፖስት፣ ማለትም በትል ለሚዘጋጅ ማዳበሪያ፣ የሚረባው ቀይ ትል ከአጥባቂውም ከፈቺውም ይለያል። ኑሮው ፍግና የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ እንጂ የታረሰ ማሳ ላይ አይደለም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ትሉን ማሳ ላይ አትበትኑት፤ ያልቅባችኋል። ትሉ በሚረባበት ሳጥን ይቆይ፤ ወደ ማሳ የሚሄደው ኩሱ ነው፦ እንደ ተወቀጠ ቡና ጥቁር፣ በጣት ሲያሹት የሚፈረፈር።