በመኖሪያ ቤት የሚከፈት የሕፃናት ማቆያ

በመኖሪያ ቤት የሚከፈት የሕፃናት ማቆያ አንድ ሰው በገዛ ቤቱ የሌሎችን ልጆች ቀን ቀን በክፍያ የሚንከባከብበት ሥራ ነው። የልጆቹ ቁጥር ጥቂት፣ ዕድሜያቸውም የተቀላቀለ መሆኑ ከመዋዕለ ሕፃናት ይለየዋል።

የጎረቤት ልጅ መጠበቅ ጥንታዊ ነው፤ በሕግ ሥራ ሆኖ የታወቀው ግን በቅርቡ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣችው ሕግ በክፍያ ልጅ የሚጠብቁ ሰዎች እንዲመዘገቡ ደነገገች፤ የ1989ኙ የሕፃናት ሕግ ምዝገባውን ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በክፍያ ለሚጠብቁ ሁሉ አሰፋ፤ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ቁጥጥሩ ኦፍስቴድ ወደተባለው መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ፈረንሳይ ለሙያው በ1977 ሕግ አወጣችለት።

ማቆያ ለመክፈት ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ስንት ልጅ እቀበላለሁ የሚል ነው። በእንግሊዝ አንዲት ተንከባካቢ በአንድ ጊዜ የምትይዘው ከ8 ዓመት በታች ቢበዛ 6 ልጆችን ሲሆን፣ ከ5 ዓመት በታች የሆኑት ከ3፣ ዓመት ያልሞላቸው ደግሞ በመደበኛው ከ1 አይበልጡም፤ የራሷ ልጆችም ይቆጠራሉ። በጀርመን ጣሪያው 5 ነው፤ ፈቃዱም በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። ቁጥሮቹ ጥብቅ ቢመስሉም ተገቢ ናቸው። እሳት ቢነሳ መራመድ የማይችሉ ሦስት ሕፃናትን በሁለት እጅ ይዞ መውጣት አይቻልም፤ ሰፊ ሳሎንም ይህን አይለውጠውም።

ስለ ደኅንነት የተጻፈው ብዙ ነው፤ ዋናው የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ አሻንጉሊት ይተኛል። በአሜሪካ ይህን የሚያስተምር ዘመቻ በ1994 ከተጀመረ በኋላ በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ባልዲ ውስጥ የቀረ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ሕፃን ሊያሰጥም ይችላል። የተዋጠ ክብ የሰዓት ባትሪ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ስለሚችል የሪሞት መቆጣጠሪያ እንኳ ከልጆች እጅ ይራቅ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ታንቆ መተንፈስና ማልቀስ ካቃተው ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ታች በክንድ ላይ አስተኝቶ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ መምታት፣ ያነቀው ነገር ካልወጣ ገልብጦ ደረቱን 5 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፤ በዚህ ዕድሜ ሆድ አይጫንም። ይህ በተግባር ሥልጠና የሚለመድ እንጂ አንብቦ የሚበቃ አይደለም።

ገቢው በልጆቹ ቁጥር የተገደበ ነው። ለመኖሪያ ቤት የተገባ መድን በአብዛኛው ንግድን ስለማይሸፍን የተለየ መድን ያስፈልጋል።

በቤት የሚደረግ እንክብካቤ ከመዋዕለ ሕፃናት ማዕከል ይሻላል ወይ የሚለው ያከራክራል። በአሜሪካ ከ1,000 በላይ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በማዕከል የዋሉት በቋንቋ ፈተና በመጠኑ እንደሚበልጡ አሳይቷል፤ ሆኖም ከማቆያው ዓይነት ይልቅ የልጁ ቤተሰብ ሁኔታ የበለጠ እንደሚወስን ያው ጥናት ስላመለከተ ውጤቱን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ለጨቅላ ሕፃን ግን በየቀኑ ያው ፊት፣ ያው ድምፅ ከሚቀበለው ቤት የተሻለ ቦታ መጥቀስ ያስቸግራል።

ከወላጅ ጋር የሚደረገው ውል የመቀበያና የመመለሻ ሰዓትን፣ የመዘግየት ክፍያን፣ ልጅ ሲታመም የሚደረገውንና ልጁን ሊወስዱ የሚችሉ ሰዎችን ስም በጽሑፍ ይይዛል። በስሙ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሰው፣ ዘመድ ነኝ ቢልም፣ ወላጅ በስልክ ሳያረጋግጥ ልጅ አይሰጠውም።